ድንኩ ቁጥቋጦና የእትዬ አንጓች ላም

ሽታው ነው ሁሉን የቀሰቀሰብኝ። ባለፈው ሳምንት ቡሬ፣ ልጄ ትዕግሥት ቤት ሄጄ ነበር። አዲሱን ቤታቸውን ሲያስመርቁ ጉልበቴን አሞኝ ቀርቼ ስለነበር «እማ፣ ሳታይው ልታረጂ ነው» እያለች ስትነዘንዘኝ ከረመች። እኔም ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ፣ ከመናኸሪያው ደግሞ በባጃጅ አድርጌ ደረስኩላት። የግቢው በር ሲከፈት ዓይኔ ቤቱ ላይ አላረፈም። ያየሁት ከበሩ እስከ ደጃፉ በግራና በቀኝ የተሰለፈውን፣ ከጉልበት የማያልፈውን፣ ቅጠሉ የጣት ጥፍር የሚያህለውን ቁጥቋጦ ነው። አንድ ሰውዬ ትልቅ መቀስ ይዞ አናት አናቱን ያስተካክላል። ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነበር። ይህን ቁጥቋጦ ከርክሞ የማያውቅ ሰው አይገባውም፤ ሲቆረጥ ድመት የሸናችበት ጨርቅ ነው የሚሸት። ደስ አይልም። እኔ ግን ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሳብኩት።

«ይቅርታ እማ» አለች ትዕግሥት አፍንጫዋን ይዛ፤ «ከችግኝ ጣቢያ ስንገዛው ቦክስ ነው የሚባል አሉን እንጂ እንዲህ ይሸታል ያለን የለም። የማን ድመት ገባች ብዬ ስንት ቀን በየጥጉ ፈለግሁ መሰለሽ!»

ስቄ ሳልጨርስ ጎረቤቷ ባዶ ጆንያ ይዛ ገባች። «እንኳን ደህና መጡ እናቴ» አለችኝ ጎንበስ ብላ፤ ከዚያ ወደ ሰውየው ዞራ «ቁርጥራጩን አትድፋው፤ ለላሜ እወስደዋለሁ» አለችው።

«አይሆንም!» ብዬ ጮህኩ። ነጠላዬ ከትከሻዬ ወደቀ። ሰውየው መቀሱን እንደከፈተ ቀረ። «ለላም አይሆንም፤ ለበግም አይሆንም። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት።»

«ቅጠል ለላም የማይሆንበት ዘመን መጣ ደግሞ?» አለች ሴትዮዋ፣ ግማሹን በቀልድ ግማሹን በቅሬታ።

አስቀምጬ ነገርኳት፤ ሰማችኝ፤ ባዶ ጆንያዋን አጥፋ ሄደች። ትዕግሥት ግን ትክ ብላ ታየኝ ጀመር። «እማ፣ እንዲህ የምትጮሂ ሰው አልነበርሽም» አለች። ልጄ አላወቀችም እንጂ የጮህኩት ያኔ መጮህ ሲገባኝ ዝም ያልኩትን ነው። ያኔ እሷ ገና ጀርባዬ ላይ ነበረች።

ያኔ የምለው ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ አቧራ በሆነበት ዘመን ነው፤ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር የተሰጣ ልብስ ቀይ ይሆናል፣ ክረምት ሲገባ ያው አቧራ ጭቃ ሆኖ የኮንጎ ጫማ ይነጥቃል። ኮንጎ ጫማ የማያውቅ ካለ፣ ከላስቲክ የተሠራ፣ በፀሐይ እግር የሚቀቅል፣ በዝናብ የሚያንሸራትት ጫማ ነበር፤ እኛ ግን ለክት እናስቀምጠው ነበር። ከማንኩሳ ገጠር ለባሌ ለአያሌው ተድሬ ስመጣ የነበረኝ አንድ አቡጀዲ ቀሚስና አንድ ኮንጎ ጫማ ነው። ፊደል የቆጠርኩ ከተማ ገብቼ ነው፤ ማታ ማታ በሚሰጠው መሠረተ ትምህርት ሀ ሁን ከተማርኩ በኋላ የቀረውን ከስኳር ከረጢትና ከግድግዳ ላይ ጋዜጣ ራሴን አስተማርኩ። አያሌው አናጢ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና፤ ደጃችን ካለው ቡና ቤት ቴፕ ሙዚቃ ሲወጣ በምቱ ልክ መዶሻውን ይመታ ነበር፤ ዘፈኑ የፈጠነ እንደሆነ በርጩማው ቶሎ ያልቃል ብለን እንስቅበታለን።

እኔ አንድ የመንግሥት ግቢ ውስጥ ሻይ አፈላ ነበር። የግቢው አትክልተኛ ጋሼ ቢተው የሚባሉ፣ ወፍራም የወታደር ካፖርት በበጋም በክረምትም የማያወልቁ ሽማግሌ ናቸው። ከመሥሪያ ቤቱ በር እስከ ባንዲራው መስቀያ ድረስ ይህ ቁጥቋጦ ተተክሎ ነበር፤ ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም። ስም ስላልነበረው ሰው ሁሉ «ድንኩ» ይለዋል። ጋሼ ቢተው በገመድ እየለኩ ሲከረክሙት አየዋለሁ፤ ለእኔ፣ ገጠር ላደግሁት፣ አንድ ነገር ለሆድ ሳይሆን ለዓይን ብቻ መተከሉ እንደ ተአምር ነበር። አንድ ቀን ሻይ ይዤላቸው ሄጄ «ጋሼ፣ ከቁርጥራጩ ቢሰጡኝ ይበቅላል?» አልኳቸው።

ብርጭቆውን ይዘው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ይበቅላል። ግን ልጅ ወልደሽ ጡት እስክታስጥይ ድረስ አንድ ስንዝር አያድግም። ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«ሁሉም እችላለሁ ይላል፤ በሦስተኛው ወር ነቅሎ ያየዋል፣ ሥር አወጣ አላወጣ ብሎ። አትንቀዪው።»

አልነቀልኩትም። የጣት ርዝመት ያላቸውን አርባ ቁርጥራጮች የታችኛውን ቅጠል አራግፌ፣ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ በሞላኋቸው የዘይት ጣሳዎች ሰካሁ፤ ጣራ ሥር በጥላ አስቀመጥኳቸው። እርጥበቱ እንዳይደርቅ፣ እንዳይበዛም እየጠበቅሁ አንድ ክረምት ከረምን። የበቀሉት ሠላሳ አንድ ናቸው። ከበራችን እስከ መንገዱ ድረስ በሁለት መስመር ተከልኳቸው። ዛሬም ሰው ሲጠይቀኝ ያንኑ ነው የምለው፦ ሥሩ ላይ ላዩን ነውና አጠገቡ በመቆፈሪያ አትቆፍሩ፣ አረሙን በእጅ ንቀሉ፣ የጤፍ ጭድ አልብሱት፤ የጎጃም ክረምት ውኃ ካቆረበት ይሞታል፣ ቦይ አውጡለት፤ ስትከረክሙት ደመና ያለ ቀን ምረጡ፣ በጠራራ ፀሐይ ከተቆረጠ ቅጠሉ ይቃጠላል፤ ታኅሣሥ ላይ በብርድ ነሐስ ቢመስል አትደንግጡ፣ አልሞተም፣ በርዶት ነው። ከመሐሉም አንዳንድ ቅርንጫፍ እየሳባችሁ አውጡለት፤ ነፋስ የማይገባበት ነገር ከውስጥ ይበሰብሳል።

የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀብኝ። ከሁሉ በላይ የሳቁት አጠገባችን የሚኖሩት እትዬ አንጓች ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ ምላሳቸው እንደ ቀጋ የሚወጋ፣ እጃቸው ግን እንደ ቅቤ የለሰለሰ ሴት ነበሩ። ትዕግሥትን ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው፤ በከተማው ውስጥ እናቴም ዘመዴም እሳቸው ነበሩ። «አይበላ፣ አያብብ፣ ጥላ አይሆን» ይሉኝ ነበር ድንኩን እያዩ፤ «ጎመን ብትተክይ ለወጥ ይሆንሽ ነበር። ደግሞ ይሸታል!» ሲያድግልኝ ግን፣ ጥግጥግ ብሎ እንደ ተጠረበ አረንጓዴ ድንጋይ ሲሆን፣ እንግዳ ሲመጣባቸው በእኔ በር በኩል እያዞሩ ያሳልፉት ጀመር። ሙሽሮች ሳይቀሩ አጠገቡ ቆመው ፎቶ ተነሡ። በሕይወቴ ሰው «የማን ነው?» ብሎ የጠየቀበት፣ የእኔ የሆነ የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው።

እትዬ አንጓች አንዲት ላም ነበረቻቸው፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላላት ቦሪት ይሏታል። አብረዋት የሚያወሩት እሷን ነው፤ የሚኖሩትም በወተቷና በቅቤዋ ነው። በእሳቸውና በእኛ ግቢ መካከል ያለው አጥር ሰው የማያሳልፍ፣ ሣፋ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረው። የሰፈራችን ሥርዓት ይህ ነው፦ አረንጓዴ ነገር አይጣልም። የነቀልኩት አረም፣ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የጠላ አተላ ሁሉ ቀዳዳው ሥር ይቀመጣል፤ ቀዳዳው ሥር የተቀመጠ ነገር የቦሪት ነው፣ ጥያቄ የለውም። በማግስቱ በዚያው ቀዳዳ እበት ወይም አሬራ ይመጣል። ድንኩን ያሳደገው የቦሪት እበት ነው። ጋሼ ቢተው ግን ቁርጥራጩን ሁልጊዜ ጉድጓድ ቆፍረው ሲቀብሩት አይቻለሁ። አንድ ጊዜ «ለምን ለከብት አይሰጡትም?» ስላቸው «ይኸ ለከብት አይሆንም» ብለው ነበር፣ በቃ። እኔም እቀብረው ነበር፤ የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ፣ እሳቸውን ለማክበር ያህል።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ፣ ከሕማማቱ ማክሰኞ ዕለት፣ ደመና ሆነልኝና መቀሴን አነሣሁ። «በሕማማት መቀስ ትይዣለሽ?» አለኝ አያሌው። «በዓሉን ተጎሳቁሎ ይቀበለው?» አልኩት። ከረከምኩት። ትልቅ ክምር ወጣው። የበጋው መጨረሻ ስለሆነ ሣር የሚባል ነገር ከከተማው ጠፍቷል። ትዕግሥት ከጀርባዬ ታለቅሳለች፤ ጉድጓዱን ነገ እቆፍራለሁ ብዬ ክምሩን ከመንገድ ላይ ጠርጌ አጥሩ ጥግ ገፋሁት። ቀዳዳው ሥር። በራሴ መጥረጊያ፣ በራሴ እጅ።

በዚያው ቀን ከቡሬ መንገድ ዳር ካለ መንደር የምትመጣ ሸክላ ሠሪ ሰፈራችን ገብታ ነበር። ወለላ ትባላለች። ለፋሲካ ዶሮ አዲስ ድስት የማይገዛ የለምና ሁሉም ይጠብቃታል። እኔ ትልቅ ድስት አዘዝኳት፣ ቅዳሜ አመጣለሁ አለች። በእትዬ አንጓች ደጅ አረፍ ብላ ሳለ ቦሪትን አየቻትና «ወይ ላም! ጡቷ እንስራ አይደል የሚያህል!» አለች። ይኸው ነው ያለችው። ስትሄድ ደግሞ ዘወር ብላ ሳቀችላት።

ረቡዕ ጠዋት የእትዬ አንጓች ጩኸት ቀሰቀሰን። ቦሪት ተኝታለች፤ ሆዷ ተነፍቷል፣ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ እግሯ ይንቀጠቀጣል። ሴቶች ተሰበሰብን። «ትናንት ማን አያት?» አለች አንዷ፤ ሁሉም አንድ ላይ «ያቺ ሸክላ ሻጭ!» አሉ። ያኔ ሸክላ የሚሠራ ሰው ሁሉ ቡዳ ነው ይባል ነበር፤ ዛሬም ውስጥ ውስጡን የሚለው አልጠፋም። እኔ ገንዳውን አየሁ። እትዬ አንጓች ቅጠሉን በአተላ ለውሰው፣ ጨው ነስንሰው ነበር የሰጧት፤ ለዚያ ነው የበላችው። ገንዳው ጥግ ላይ ያልተበሉ ሦስት አራት ትንንሽ ቅጠሎች ተጣብቀው ቀርተዋል። ጎንበስ ብዬ ለቀምኳቸውና በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳቸው። ማንም አላየኝም። ለምን እንዲያ እንዳደረግሁ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ፦ እናቴ የሆኑትን ሴት ላም ገደልኩ ከማለት፣ ዝም ማለት ቀላል ነበር። ደግሞም ድንኩን ይነቅሉብኛል ብዬ ፈራሁ። እንዲህም ነበርኩ።

በሕማማት ሰው አይሳሳምም፣ ሰላም አይባባልም፤ ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ መዋሌ እንደ ጽድቅ ተቆጠረልኝ። «አየሻት ይታይሽን» ይላሉ ሴቶቹ እኔን እያዩ፣ «እንዴት ሕማማቱን እንደያዘችው!» ጠበል አመጡ፤ ቦሪትን በጢስ አጠኗት። ሐሙስ ጉልባኑን ቀምሼ ተውኩት። ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ስንሰግድ ዋልን። ማምሻውን ካህኑ ጀርባዬን በወይራ ቅጠል ነካ ነካ እያደረጉ «ምን አጠፋሽ ልጄ?» ሲሉኝ፣ ሰው አምቻለሁ፣ ጾም አጉድያለሁ አልኩ። አርባ ስገጂ አሉኝ። ሰማንያ ሰገድኩ። ስመለስ ቦሪት እንደተኛች ናት፤ እትዬ አንጓች አጠገቧ ተቀምጠው፣ ከሐሙስ ጀምሮ አክፍለው እህል ሳይቀምሱ፣ ጆሮዋን ያሻሻሉ። «ነገ ያቺ ሴት ድስትሽን ይዛ ትመጣለች አይደል?» አሉኝ። ትመጣለች አልኳቸው። «ትምጣ።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መጣች፤ ድስቱን በጭድ ጠቅልላ አዝላዋለች። ዲያቆናቱ ቄጠማ አድለው ስለነበር ሁላችንም ግንባራችን ላይ አስረናል፤ እሷም አስራለች። መንገዱ ላይ ጠብቀው በእትዬ አንጓች በር አስገቧት።

«ነይ፣ ነይ ግቢ» አሉ እትዬ አንጓች። «የጀመርሽውን ጨርሺ እንጂ።»

ወለላ ቦሪትን ስታይ ጉንጯን ያዘች። «ውይ! ምን ነካት?»

«እሱንማ አንቺ ንገሪን።»

ሴቶቹ ከበቧት። አንዷ በለሰለሰ ድምፅ «እንትፍ በይባትና ሂጂ፤ ማንም ክፉ አይናገርሽም» አለቻት። ቡዳ የበላውን ራሱ ከተፋበት ይድናል ይባላልና።

ወለላ ሸክሟን አወረደች። «ብተፋባት፣ አዎ እኔ ነኝ ማለቴ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ልጆቼ በዚህ ከተማ አያልፉም። ባልተፋባት ደግሞ ጨክና ገደለቻት ትላላችሁ። የትኛውን ነው የምትፈልጉ?»

ከዚያ ከኋላ «ትትፋ! ትትፋ!» የሚል ተነሣ። እትዬ አንጓች እጇን ያዙና ወደ ላሟ ጎተቷት።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን ነሽ?»

«ቅጠሌ ነው እትዬ። ድንኩ። ማክሰኞ ማታ ከቀዳዳው ሥር የወሰዱት። ለከብት አይሆንም ተብዬ ነበር።» የነጠላዬን ጫፍ ፈትቼ ቅጠሎቹን አሳየኋቸው፤ ጠውልገው ነበር። «ከገንዳው የለቀምኩት ነው። ረቡዕ።»

እትዬ አንጓች ቅጠሉን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ ሳቁ። «አይ ይታይሽ! አሳዝናሽ ነው። ቅጠል ላም ሲገድል የት አይተሻል? አጥር ቅጠል?» ሴቶቹም ሳቁ። «እንዲያ ከሆነ ለራስሽ በግ ስጪው እንይ» አለች አንዷ።

ለፋሲካ የገዛነው ሙክት በራችን ላይ ታስሯል። ሄጄ ከድንኩ አንድ እፍኝ ሸምጥጬ ሰጠሁት። አሸተተውና ፊቱን አዞረ። ሳቃቸው አጥሩን አለፈ። «አየሽ? እንኳን ሊገድለው፣ አልበላውም!» እውነትን ተናግሮ አለመታመን እንዲህ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር፤ ላብ አጠመቀኝ። ወለላ በመሐላችን ቆማ አንዴ እኔን፣ አንዴ በጉን ታያለች። ከቤቴ አተላ በሣፋ አወጣሁ። ቅጠሉን ለወስኩት፤ ጨው ነሰነስኩበት፤ ልክ እሳቸው እንደሚያደርጉት። በጉ ፊት አኖርኩት። አፍንጫውን ነከረ፤ ከዚያ ይበላ ጀመር። አንድ ጉርሻ። ሁለት። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። እኔ አላስቆምኩትም።

ሣፋውን ከአፉ የነጠቁት እትዬ አንጓች ናቸው። እየሮጡ መጥተው ነጠቁት፣ አተላው በቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። «ተዪ! ተዪ አንቺ ልጅ! ፋሲካን ያለ በግ ልትውዪ ነው?» አሉና ወዲያው አፋቸውን ያዙ። ማመናቸውን ያወቁት ከተናገሩ በኋላ ነው። ሣፋውን ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ጋሼ ቢተውን ሮጬ ጠራሁ። ካፖርታቸውን እንደለበሱ መጡና ሳቅም ቁጣም በሆነ ድምፅ «ሦስት ቀን ሙሉ በሆዷ ያለውን በአፍንጫዋ በጢስ ልታስወጡት ነው?» አሉ። የተቀቀለ ተልባ በቀንድ በቀንድ አጋቷት፤ አንዱ ሲይዝ ሌላው ሲያፈስ ዋልን። ፋሲካ አለፈ። ማክሰኞ ቦሪት በፊት እግሯ ተንበርክካ፣ ወድቃ፣ ደግማ ተነሣች። ወተቷ ግን የዚያን ጊዜው ነጠፈ፤ እትዬ አንጓችም ጾማቸውን ያለ ቅቤ ፈቱ። ረቡዕ ዕለት ተናግሬ ቢሆን ኖሮ የዚያኑ ቀን ትነሣ ነበር ብለዋል ጋሼ ቢተው፤ እኔ ፊት አልነበረም ያሉት፤ ግን ደረሰኝ።

ድንኩን ልነቅለው መቆፈሪያ አንሥቼ ነበር። አያሌው ነው የያዘኝ፤ «እሱ ምን አደረገ? የቆመበት ነው የቆመ» አለኝ። እትዬ አንጓች ቀዳዳውን በቀጋ ወተፉት። ክረምቱን ሙሉ አላናገሩኝም፤ ትዕግሥትን ግን በመንገድ ባገኟት ቁጥር ከጀርባዬ ላይ ሆና ይስሟታል፣ እኔን እንዳላዩ። መስከረም ሊጠባ ሲል አንድ ጠዋት ቀጋው የለም፤ ቀዳዳው ሥር አንድ ሣፋ እበት ተቀምጧል። ስለዚያ ነገር እስኪሞቱ ድረስ አንድም ቃል አልተለዋወጥንም።

የወለላ ነገር ግን ሌላ ነው። ያን ቅዳሜ፣ ሁሉም ወደ ላሟ ሲሯሯጥ እሷን ረሷት፤ ይቅርታ ያላት የለም። አጠገቤ መጥታ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽ?» አለችኝ።

«ከረቡዕ።»

«ከረቡዕ» ብላ ደገመችው። ድስቱን እንደ ጠቀለለችው መልሳ አዘለችውና ሄደች። ከዚያ ወዲያ በሰፈራችን አላለፈችም።

በዳግማ ትንሣኤ ማግስት ትዕግሥትን አዝዬ ወደ መንደሯ ሄድኩ። ከመኪና ወርጄ ደግሞ ብዙ በእግር ነው። ከሩቅ የሸክላ መተኮሻው ጢስ መራኝ። ደጇ ላይ ተቀምጣ፣ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና፣ የእንስራ አንገት ታወጣለች። አየችኝ፤ እጇን አላቆመችም።

«ድስቱ ተሸጧል» አለች።

«ለድስት አይደለም የመጣሁ።»

«ለምንድን ነው እና?»

መንገድ ሁሉ ሳሰናዳው የመጣሁት ንግግር ጠፋኝ። «ሦስት ቀን ዝም ስላልኩ» አልኩ።

የእንስራውን አፍ በእርጥብ ጨርቅ ዞረችው፣ ደግማ ዞረችው። «አንቺ ሦስት ቀን ነው። ሌላው ዕድሜ ልኩን ነው» አለች። «ስንት ሰፈር አለ መሰለሽ፣ እኔ ነኝ የሚል ሰው ያልተነሣበት። ግን ያንቺ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። እነሱ አያውቁም። አንቺ ታውቂ ነበራ።»

«አውቅ ነበር።»

«ተቀመጪ እስቲ፤ ልጅቱ ፀሐይ መታት።»

ጥላው ሥር ተቀመጥኩ። ትዕግሥት ወርዳ ጭቃውን መጨበጥ ጀመረች፤ ከለከልኳት፣ ወለላ «ተያት» አለች። ከቤት ገብታ በሸክላ ሳህን የሚጤስ ቅቅል ድንችና ጨው አወጣች። በመሐላችን አኖረችው። «ትበያለሽ?» አለች፤ እንግዳ እንደሚጋበዝ አይደለም፣ እንደሚጠየቅ ነው የጠየቀችኝ። ዓይኗ እጄ ላይ ነው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ከሸክላ ሠሪ ቤት እህል አይቀመስም ተብዬ ነው ያደግሁት። እናቴ፣ አክስቶቼ፣ ሁሉም። ያንን የማላምንበት መስሎኝ ነበር። እጄ ግን ጉልበቴ ላይ ለትንሽ ጊዜ ቆየ፤ ትንፋሽ ያህል እንኳ አይሆንም። አየችው።

«ተይው» አለች፣ ሳህኑን ልትስብ እያለች፤ «ልማድ ነው፣ አልቀየምሽም።»

ሳህኑን በአንድ እጄ ያዝኩት። በሌላው አንዱን ድንች አነሣሁ። ከምድጃ የወጣ ነበርና ጣቴን አቃጠለው፤ ከነልጣጩ ገመጥኩት፣ ምላሴንም አቃጠለው፣ ዋጥኩት። ለትዕግሥትም ቆርሼ በአፏ አደረግሁላት። ወለላ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ሁለተኛውን ድንች አነሣች፣ እፍ እያለች ልጣጩን ላጠችው፣ ጨው ነካ አድርጋ ሰጠችኝ።